ስም መደበቅ አይበቃም፦ ባሕር ዳር ላይ ጠበቃ ባልደረባውን እንዴት ያማክራል

«ስማቸውን አልጠራም፤ ብቻ ዘጌ የቡና መሬት ያላቸው አንዲት እናት ናቸው፤ ያሳደጓት የልጅ ልጅ አለቻቸው…»

ባሕር ዳር ላይ ወግ እንዲህ ከተጀመረ ምስጢሩ አልቋል። አብረው ቡና ከሚጠጡት አንዱ የሴትዮዋ የአገር ልጅ ነው፤ ሌላው ባለፈው ክረምት ለወንድማቸው ጠበቃ ሆኖ ተከራክሯል፤ ሦስተኛው ደግሞ፣ እግዜር አያድርገው እንጂ፣ የተቃራኒውን ወገን ውክልና ይዞ ሊሆን ይችላል። እኔ ራሴ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ከፍርድ ቤት ግቢ ፊት ለፊት ባለ ሻይ ቤት የአንድ የውርስ ክርክሬን ድክመት ለታላቅ ባልደረባዬ እዘረዝር ነበር። ከኋላዬ ጀርባውን ሰጥቶ ሻዩን የሚያማስለው ሰው የተከሳሹ አማች ኖሯል። በሚቀጥለው ቀጠሮ የተሻሻለ መልስ ቀረበ፤ ሻይ ቤት ያነሳሁት ድክመት ሁሉ ተራ ቁጥር ተሰጥቶት ተደርድሯል። ደንበኛዬ እስከ ዛሬ ምክንያቱን አያውቁም። እኔ ግን አውቃለሁ።

ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል ማንንም አላማክርም ብዬ ነበር። እሱም ሞኝነት ነው። አዋጅ ቁጥር 1249/2013 በፌዴራል ደረጃ ጠበቆች በድርጅት ተደራጅተው እንዲሠሩ በር ቢከፍትም፣ የፌዴራል ጠበቆች ማኅበርንም ቢያቋቁም፣ እዚህ የማውቃቸው አብዛኞቹ ጠበቆች ዛሬም አንድ ክፍል ተከራይተው ለብቻቸው የሚሠሩ ናቸው። አንድ ጠረጴዛ ላይ የመሬት፣ የፍቺ፣ የንግድና የወንጀል መዝገብ ይደራረባል። ሁሉንም በእኩል የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ጥያቄው ማማከር ይገባል ወይ ሳይሆን እንዴት የሚለው ነው። ከዚህ በታች ያለው እኔ ስጠይቅ የምከተለው ቅደም ተከተል ነው። ጠበቃ ላልሆናችሁም ቢሆን፣ ጉዳያችሁን የሰጣችሁት ሰው ከቢሮው ውጭ ምን እንደሚያደርግ ማወቁ አይከፋም።

1. መጀመሪያ ጭብጡን ይያዙ

ዳኛ ክርክር ሰምቶ ጭብጥ፣ ማለትም ጉዳዩ የሚወሰንበትን ጥያቄ፣ እንደሚይዘው ሁሉ እርስዎም ከመጠየቅዎ በፊት ጭብጥ ይያዙ። «አንድ የስጦታ ጉዳይ ገጥሞኝ ነበር፣ እንዴት ታየዋለህ?» ጥያቄ አይደለም፤ የሚጠየቀው ሰው ታሪኩን በሙሉ እንዲጎትት የሚያደርግ በር ነው። በሩ ከተከፈተ ደግሞ ስም፣ ቀበሌና የገንዘብ መጠን ተከታትለው ይወጣሉ። ይልቁን እንዲህ ይሁን፦ «በጽሑፍ ተደርጎ ያልተመዘገበ የገጠር መሬት ስጦታ ሰጪው ከሞተ በኋላ በሌሎች ወራሾች ላይ ውጤት ይኖረዋል ወይ?»

ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅልለው በጥያቄ ምልክት መዝጋት ካልቻሉ የሚያስፈልግዎ ባልደረባ ሳይሆን መዝገቡን እንደገና ማንበብ ነው።

2. የሚገኘውን ራስዎ ያንብቡ

ሳያነቡ መጠየቅ የሰው ጊዜ መብላት ነው፤ ከዚያም በላይ የመልሱን ጥራት ያበላሻል። በዚህ ምሳሌያችን ቢያንስ የክልሉን የገጠር መሬት አዋጅ 252/2009ን፣ ከእሱ በፊት የነበረውን 133/1998ን፣ የፌዴራሉን 456/1997ንና እሱን የተካውን 1324/2016ን፣ እንዲሁም በ1952 የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ የስጦታ ክፍል ማየት ግድ ነው። ግማሽ ቀን ይፈጃል። ከጨረሱ በኋላ የት ላይ እንደተጣበቁ ይጻፉት። «ይህን አንብቤ እዚህ ላይ ቆምኩ» የሚል ጥያቄ መልሱ በአንድ ቀን ይመጣል፤ «ሕጉ ምን ይላል?» የሚል ደግሞ «አዋጁን እየው» ከሚል መልስ አያልፍም፤ ይገባዋልም።

3. ታሪኩን ያበጥሩ

የሥራው ክብደት ያለው እዚህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ። ስም ማውጣት ቀላሉ ክፍል ነው። ወረቀት አምጥተው ታሪኩን በሦስት ይክፈሉት፦ የሚወጣ፣ የሚለወጥ፣ የማይነካ።

የሚወጣው፦ የሰዎቹ ስም፣ የቀበሌና የጎጥ ስም፣ የመዝገብ ቁጥር፣ ችሎቱ፣ የዳኛው ስም፣ ትክክለኛው የገንዘብ መጠን፣ የቀጠሮ ቀን። የቀጠሮ ቀን ምን ችግር አለው ትሉ ይሆናል። «ለፊታችን ማክሰኞ ተቀጥሬበታለሁ» ያለ ጠበቃ የማክሰኞን የችሎት ሰሌዳ ለሚያይ ሰው ሁሉ ጉዳዩን በእጁ አስቀምጦለታል።

የሚለወጠው፦ ለሕጉ ጥያቄ ለውጥ የማያመጣ ነገር ግን ሰውን የሚጠቁም ዝርዝር። ዘጌ ማለት ለእኛ ቡና፣ ገዳማትና ባሕር ዳርቻ ነው፤ ስሙ ከተነሳ ክርክሩ የማን እንደሆነ ለመገመት አንድ ቀን አይፈጅም። ስለዚህ ዘጌ «አንድ የገጠር ቀበሌ»፣ ቡናው «ቋሚ ተክል» ይሁን። ሴትዮዋ «ሰጪ»፣ የልጅ ልጃቸው «ተቀባይ» ይባሉ። ጾታ ለጥያቄው የማይረባ ከሆነ ይቅር።

የማይነካው ደግሞ መልሱን የሚወስነው ፍሬ ነገር ነው። ውሉ የተደረገበት ዘመን አንዱ ነው፤ የትኛው አዋጅ እንደሚገዛው የሚለየው እሱ ስለሆነ። ቀኑን ትተው «252/2009 ከጸና በኋላ» ወይም «ከእሱ በፊት» ማለት ይበቃል። የተመዘገበ መሆን አለመሆኑ አይነካም። ሕጉ ለዝምድና ቦታ የሚሰጥ ከሆነ ዝምድናውም አይነካም። ያለፈው የጊዜ ርዝመት አይነካም፤ ይርጋ (የመክሰስ መብት የሚቀርበት የጊዜ ገደብ) የሚቆጠረው በዓመት ነውና፣ ስምንቱን «አሥር ገደማ» ያለ ሰው ጥያቄውን ራሱን ለውጦታል።

ምስጢር ለመጠበቅ ሲባል አብዝቶ መለወጥም ጉዳት አለው። አንድ ወጣት ባልደረባችን መሬቱ እንዳይታወቅበት ብሎ ከከተማው ዳር ያለን ቦታ «የገጠር መሬት» አድርጎ ጠየቀ። አምስት ሰው ተረባርቦ በገጠር መሬት ሕግ መለሰለት። ቦታው ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ከተማ ክልል የተካለለ ነበር፤ መታየት የነበረበትም የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጁ 721/2004 ነው። ባሕር ዳር በየዓመቱ ወደ ዙሪያዋ የገጠር ቀበሌዎች እየሰፋች ባለችበት ጊዜ «ገጠር ነው ከተማ?» የሚለው ብዙ ጊዜ ጭብጡ ራሱ ነው። እሱን የለወጠ ሰው የራሱን መልስ አበላሽቷል።

ሲጨርሱ ሁለት ጊዜ ያንብቡት። አንዴ እንደ ተቃራኒው ወገን ጠበቃ፣ አንዴ እንደ ደንበኛዎ ጎረቤት። ደንበኛዎ ራሳቸው ቢያነቡት «ይኼማ የእኔ ነገር ነው» ማለታቸው አይቀርም፤ እሱ አያስጨንቅዎ። ጎረቤታቸው ካወቁት ግን ገና አልተበጠረም።

4. ደንበኛዎን ያስፈቅዱ

በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ማውጣትን ያስቀጣል፤ ጠበቃም በስም ከተጠቀሱት ውስጥ ነው። በሚገባ የተበጠረ የሕግ ጥያቄ የማንንም ምስጢር አያወጣም፤ ቢሆንም ፈቃድ መጠየቁ ደንበኛንም ራስንም ያሳርፋል። የጥብቅና ውል ሲፈራረሙ «ማንነቴን ሳይገልጽ የሙያ ባልደረቦቹን ማማከር ይችላል» የምትል አንዲት መስመር ማስገባት ይቻላል።

የቃሉም ፈቃድ ጥቅም አለው። አንዲትን እናት «እማማ፣ ስምዎን ሳላነሳ አንድ የማምነው ባልደረባዬን ልጠይቅ?» ብዬ ነበር። «ጠይቅ ልጄ፤ ብቻ ያ ቀዩ ጠበቃ እንዳይሆን፣ የምራቴ ወንድም ነው» አሉኝ። ልጠይቅ ያሰብኩት እሱን ነበር። ማን ከማን ጋር እንደተጋባ ከእኛ ይልቅ ባለጉዳይ ያውቃል።

5. ለማን እንደሚጠይቁ ይምረጡ

ለብዙ ሰው የሚቀርብ ጥያቄ የሕግ ጥያቄ ብቻ ይሁን፤ የክርክር ስልት፣ የምስክር ድክመት፣ ደንበኛዎ እስከ ስንት ብር ድረስ ሊታረቁ እንደሚችሉ በብዙ ሰው ፊት የሚነሳ ነገር አይደለም። ይህን የመሰለ ጉዳይ ማማከር ካለብዎ ለአንድ ሰው፣ እሱም ግጭት እንደሌለበት አረጋግጠው ነው። ክሱ ከተከፈተ «ለእገሌ ትቆማለህ ወይ?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ይቻላል፤ የተከራካሪዎቹ ስም ችሎት ላይ የሚጠራ ነውና። ክሱ ገና ካልተከፈተ ግን ይህ ጥያቄ ራሱ ወሬ ነው፤ ያን ጊዜ ጎንደር ወይም ደሴ ያለ ሰው ፈልጉ፣ ወይም በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ከሚያስተምሩት አንዱን።

ዳኛን በፍጹም አይጠይቁ። አብረው የተማሩት ይሁን፣ የክርስትና አባትዎ ይሁን፣ በሌላ ችሎት ይሁን። ጉዳዩ ነገ በይግባኝ እሱ ዘንድ ሊደርስ ይችላል።

በየትኛው መንገድ ይጠየቅ ለሚለው፣ የተጻፈ ነገር እንደሚተላለፍ አውቀው ይጻፉ፤ ለአሥር ሰው በኢሜይል የላኩት ነገ ቴሌግራም ላይ ነው። የይዞታ ደብተርን ወይም የክስ ማመልከቻን ፎቶ አንስቶ ማያያዝ ይቅር፤ በጣትዎ የሸፈኑት ስም በሁለተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ይኖራል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ያገኙትን መልስ አትመው ፋይል ውስጥ ያኑሩት። ከ2015 ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ሲቋረጥ፣ ሁሉን ነገር ስልኩ ውስጥ ያስቀመጠ ጠበቃ ምን እንደሆነ አይተናል።

6. ጥያቄውን ይጻፉ

ከላይ ያለው ሁሉ ተሠርቶ ሲያልቅ የሚወጣው ይህን ይመስላል («ሰበር» መሠረታዊ የሕግ ስህተትን የሚያርመው ችሎት ነው፤ «ቅጽ» ውሳኔዎቹ ታትመው የሚወጡበት መጽሐፍ)፦

«ሰላም ባልደረቦች። በክልላችን በገጠር መሬት ላይ የተደረገ የስጦታ ውል በጽሑፍ ሆኖ በሰጪና በምስክሮች ተፈርሟል፤ ነገር ግን በመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሳይመዘገብ ሰጪ ሞተዋል። ውሉ የተደረገው አዋጅ 252/2009 ከጸና በኋላ ነው። ተቀባይ የሰጪ የልጅ ልጅ ስትሆን ከውሉ በፊት ጀምሮ በመሬቱ ትጠቀማለች። ሌሎች ወራሾች ድርሻችን ይገባናል ይላሉ። አዋጁንና የፍትሐ ብሔር ሕጉን የስጦታ ክፍል አይቻለሁ። የተጣበቅሁት እዚህ ላይ ነው፦ አለመመዝገቡ ውሉን በራሱ ዋጋ ያሳጣዋል ወይስ ምዝገባው ለሦስተኛ ወገን ብቻ የሚያስፈልግ ነው? ይህንኑ የወሰነ የሰበር ውሳኔ የምታውቁ ቅጹንና የመዝገብ ቁጥሩን ብትጠቁሙኝ። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ይበቃኛል።»

እዚህ ላይ የልጅ ልጅነቷና ሴትነቷ እንዴት ተመልሰው እንደገቡ ያስተውሉ። ዝምድናው ለመልሱ ያስፈልጋል፤ ጾታዋ ግን አያስፈልግም ነበር። «ተቀባይ የሰጪ የልጅ ልጅ ሲሆን» ብሎ ማስተካከል። አየህ፣ ስጽፍ እኔም አመለጠኝ።

7. መልሱን ፈትነው ይጠቀሙ

የባልደረባ መልስ ጥቆማ እንጂ ሕግ አይደለም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በአዋጅ 454/1997 ለሥር ፍርድ ቤቶች ሁሉ፣ ለክልሎቹም ጭምር፣ አስገዳጅ ሆኗል፤ በ2013 የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ 1234ም ይህንኑ ይዞ ቀጥሏል። ስለዚህ የሰበር ቁጥር ሲሰጥዎ ደስ ይላል። ግን ቅጹን አውጥተው ሙሉውን ያንብቡ። አንድ ጊዜ በስልክ የተነገረኝን ቁጥር እንዳለ አቤቱታዬ ላይ ጽፌ ልፈርም ስል፣ ለማንኛውም ብዬ ስገልጠው የአሠሪና ሠራተኛ ክርክር ሆኖ አገኘሁት። አንድ አኃዝ ተገላብጧል። ችሎቱ ራሱም በሌላ ጊዜ የተለየ ትርጉም ሊሰጥ ስለሚችል ከዚያ በኋላ የወጡትን ቅጾች ማየት አይቅር።

ማን፣ መቼ፣ ምን እንደመለሰልዎ በፋይሉ ውስጥ በአጭሩ ይመዝግቡ። በአቤቱታ ላይ ግን «ባልደረቦቼ እንደሚሉት» የሚባል ነገር የለም።

8. ውጤቱን ይመልሱ

ይህን የሚያደርግ ጥቂት ነው። ጥያቄ ሲሆን ሁላችንም አለን፤ ፍርዱ ሲሰጥ ግን የለንም፤ በተለይ ስንሸነፍ። ፍርዱ በችሎት ከተነበበ በኋላ ሁለት መስመር ይበቃል፦ «ምዝገባውን በተመለከተ ፍርድ ቤቱ አልተቀበለኝም። ምክንያቱን ገልብጬ ከታች አስቀምጫለሁ፤ ይግባኝ ብያለሁ።»