አምፖሉን ተዉት፣ ቦይለሩን እዩ፦ የመብራት ሂሳብ ሲንር የምንሠራቸው ስህተቶች

የመብራት ሂሳብ የጨመረ ወር፣ ቤት ውስጥ ቀድሞ የሚገባው ጭቅጭቅ ነው። «ማነው የመታጠቢያ ቤቱን መብራት ሳያጠፋ የወጣው?» ይባላል። ልጆች ላይ ይጮኻል፣ ቻርጀር ይነቀላል፣ ሰዉ ሁሉ ለሁለት ሳምንት ጨለማ ውስጥ ይዳብሳል። ከዚያ ሂሳቡ ይመጣል። ያው ነው። አንዳንዴ እንዲያውም ጨምሮ ይመጣል። ይሄኔ ነው ብዙ ሰው «በቃ ምንም ብናደርግ ለውጥ የለውም» ብሎ እጁን የሚሰጠው። እኔን የሚያሳዝነኝም ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ለውጥ አለው፣ ብቻ ልፋቱ ቦታው ላይ እየዋለ አይደለም።

እኔ ይሄን የተማርኩት እማዬ ቤት ነው። እማዬ መብራት በማጥፋት የሚስተካከላት የለም። ክፍሉ ውስጥ ሰው እያለ እንኳ ታጠፋለች። ሂሳቧ ግን በየወሩ ይጨምር ነበር፣ ብቻዋን ለምትኖር ሴት ጭራሽ የማይመስል ቁጥር። አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብለን ነገሩን እስከ መጨረሻው ተከታተልነው። ምን እንዳገኘን እነግራችኋለሁ፣ መጀመሪያ ግን ከሥሩ እንነሳ።

ገንዘቡን አይቶ መደንገጥ፣ ዩኒቱን አለማየት

የሂሳብ ወረቀቱ ላይ ሰው የሚያየው የመጨረሻውን መስመር ብቻ ነው። የሚከፈለው ገንዘብ ግን በብዙ ምክንያት ሊጨምር ይችላል። ታሪፉ ጨምሮ ይሆናል። ፍጆታችሁ ጨምሮ ይሆናል። ወይም ደግሞ የተቆጠረው ጊዜ ረዝሞ ይሆናል። ስለዚህ ዩኒቱን፣ ማለትም ኪሎዋት ሰዓቱን፣ ለቀኑ ቁጥር አካፍሉት። ባለፈው በ30 ቀን 240 ዩኒት፣ አሁን በ35 ቀን 280 ዩኒት ከሆነ፣ ሁለቱም በቀን 8 ነው። ቤታችሁ ውስጥ ምንም የተለወጠ ነገር የለም፣ ልጆቹንም መቆጣት አያስፈልግም። በቀን 8 የነበረው 12 ከሆነ ግን ያኔ ቤቱ ውስጥ የሚፈለግ ነገር አለ።

ቆጣሪውን የሌላ ሰው ጉዳይ ማድረግ

ቆጣሪ አንባቢ ሳይመጣ ሲቀር ሂሳቡ በግምት የሚሠራበት አገር ብዙ ነው። ግምቱ ለተወሰኑ ወራት ዝቅ ብሎ ይቆይና አንድ ቀን ትክክለኛው ንባብ ሲመጣ የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ወር ላይ ይወድቃል። ሰውየው «በአንድ ወር እንዴት ይሄን ያህል በላሁ?» ይላል፣ የበላው ግን በአምስት ወር ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በየወሩ አንድ ቀን መርጣችሁ ቆጣሪውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ፎቶው ቀኑን ስለሚይዝ ለክርክርም ይጠቅማችኋል።

ሁለተኛው ነገር ምርመራው ነው። ዋናውን ብሬከር አጥፉና ቆጣሪው ጋ ሄዳችሁ ቁሙ። ሁሉም ጠፍቶ ቆጣሪው አሁንም የሚሄድ ከሆነ፣ ወይ ቆጣሪው ራሱ ችግር አለበት፣ ወይ ከቆጣሪው በኋላ ከብሬከሩ በፊት የተሳበ መስመር አለ። ሁለቱም በባለሙያ መታየት አለበት። እናንተ ገመድ አትንኩ። ከቆመ ደግሞ ብሬከሩን መልሳችሁ አብሩ፣ ነገር ግን ቤት ውስጥ ያለውን እቃ ሁሉ ንቀሉ። አሁን ከሄደ የረሳችሁት እቃ አለ፣ ወይም መስመሩ ውስጥ የሚያፈስ ቦታ አለ።

አሁን በጣም የምወደውን ልንገራችሁ። ዲጂታል ቆጣሪ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ቀይ መብራት አለች። አጠገቧ 1000፣ 1600 ወይም 3200 የሚል ቁጥር ተጽፎ ታገኛላችሁ። ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደምትል ነው የሚነግራችሁ። 1000 ከሆነ አንዷ ብልጭታ አንድ ዋት ሰዓት ናት ማለት ነው። ሌላውን ሁሉ አጥፍታችሁ አንድ እቃ ብቻ አብሩ። ከዚያ የስልካችሁን ሰዓት ይዛችሁ አሥር ብልጭታ ቁጠሩ። 1000 የሚል ቆጣሪ ላይ 20 ሰከንድ ከፈጀ በየሁለት ሰከንዱ አንድ ነው፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያሉትን 3600 ሰከንዶች ለ2 ስታካፍሏቸው 1800 ይመጣል። እቃው 1800 ዋት እየሳበ ነው። ምንም መሣሪያ ሳትገዙ የቤታችሁን እቃ አንድ በአንድ ትመዝናላችሁ። ልጆች ካሏችሁ ሥራውን ለነሱ ስጧቸው። ከጩኸት ይልቅ ይሄ ያስተምራቸዋል።

አምፖል ላይ መዝመት

ይሄ ልማድ ከድሮው አምፖል የቀረ ነው። የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል የሚሰጠውን ብርሃን ዛሬ ኤልኢዲ በ9 ዋት ገደማ ይሰጣል። ቤታችሁ ውስጥ የድሮው ካለ ዛሬውኑ ቀይሩት፣ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚያከራክር ነገር የለም። ከቀየራችሁ በኋላ ግን መብራት ዋናው ጠላት መሆኑ ያበቃል።

ዋናው ሙቀት ነው። ውሃ የሚያሞቅ፣ ቤት የሚያሞቅ፣ ምግብ የሚያበስል፣ ልብስ የሚተኩስ፣ ልብስ የሚያደርቅ እቃ ሁሉ። ብርሃን፣ ድምፅና ምስል የሚሰጥ እቃ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነው የሚወስደው፣ ሙቀት የሚሰጥ ግን በሺህ ዋት ነው የሚቆጠረው። ቤታችሁን በዚህ ዓይን አንዴ ዞር ዞር ብላችሁ ብታዩት ሂሳቡ የት እንደሚሄድ ግማሹ ይገባችኋል።

ቦይለሩን ለኩሶ መርሳት

እማዬ ቤት ወደገጠመን ልመለስ። መታጠቢያ ቤቷ ውስጥ የሙቅ ውሃው ቧንቧ ያንጠባጥብ ነበር። ጠብ፣ ጠብ፣ በሰከንድ አንዴ ገደማ። ሥሩ ባልዲ አድርጋለች፣ ውሃው ስለማይባክን ምንም ጉዳት ያለው አልመሰላትም። ጣቴን አስገብቼ ነካሁት፣ ቀዝቃዛ ነው። ለዚህ ነው ማንም ያልጠረጠረው። ነገር ግን ከቦይለሩ ሲወጣ ትኩስ ነበር፤ ቀስ እያለ በቧንቧው ውስጥ ሲመጣ ነው የሚበርደው። ለወጣው ጠብታ ሁሉ ደግሞ በምትኩ ቀዝቃዛ ውሃ ቦይለሩ ውስጥ ይገባል፣ ቦይለሩም ያሞቀዋል። ሌት ተቀን።

ስሌቱን ተመልከቱት። በሰከንድ አንድ ጠብታ በቀን 20 ሊትር ገደማ ይሆናል። አንድ ሊትር ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 1.16 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። 20 ሊትር ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 0.93 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። በወር 28 ዩኒት። አራት ባለ 9 ዋት አምፖሎች ወሩን ሙሉ አንዴም ሳይጠፉ ቢበሩ እንኳ ይሄን አይበሉም። መፍትሔው ደግሞ አንዲት ትንሽ ጎማ ነበረች፣ ቧንቧው ውስጥ የምትገባ ቀጭን ቀለበት። ስንት ዓመት አምፖል ስታጠፋ የኖረች ሴት፣ ያን ቀን ባልዲውን እያየች ዝም ብላ ቆመች።

ሌላው የተለመደ ወሬ «ቦይለር ሁልጊዜ በርቶ ቢቀር ይሻላል፣ ማጥፋት ማብራቱ ነው የሚበላው» የሚለው ነው። ትክክል አይደለም። ትኩስ ታንከር ሙቀቱን ሳያቋርጥ ወደ ውጭ ያጣል፣ በሞቀ ቁጥር ደግሞ የሚያጣው ይጨምራል። በቀን አንዴ የምትታጠቡ ከሆነ ከመታጠባችሁ በፊት አብሩት፣ ስትጨርሱ አጥፉት። አንድ 60 ሊትር ቦይለር ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.8 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ባለ 1500 ዋት ከሆነ ሁለት ሰዓት የማይሞላ ጊዜ ነው። ቤተሰቡ ተራርቆ ሳይሆን ተከታትሎ ቢታጠብ ደግሞ አንዱ ሙቀት ለሁሉም ይበቃል።

ግን እባካችሁ ለቁጠባ ብላችሁ ቴርሞስታቱን፣ ማለትም የሙቀት መቆጣጠሪያውን፣ ወደ 40 አታውርዱት። ለብ ያለ የቆመ ውሃ ሌጂዮኔላ የሚባለው የሳንባ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ የሚራባበት ነው። 60 ዲግሪ ላይ ተዉት፣ የምትቆጥቡት በሰዓቱ ነው።

ታንከር የሌለው፣ እዚያው ሻወሩ ላይ የሚያሞቀውስ? እሱ ሙቀት አያከማችም፣ ሲበራ ግን በኃይል ነው የሚስበው። ባለ 5500 ዋቱ በ10 ደቂቃ 0.9 ዩኒት ያህል ይወስዳል። አምስት ሰው ያለበት ቤት ሁሉም በየቀኑ 10 ደቂቃ ቢታጠቡ በወር 137 ዩኒት ነው። 6 ደቂቃ ቢያደርጉት 82 አካባቢ ይወርዳል። እዚህ ጋ አራት ደቂቃ ማሳጠር አንድ ዓመት ሙሉ አምፖል ከማሳደድ ይበልጣል።

ቻርጀሩን ነቅሎ ዲኮደሩን መተው

ስልክ የሌለበት የዛሬ ቻርጀር ሶኬት ላይ ቢቀር ከግማሽ ዋት በታች ነው የሚወስደው፣ ዓመቱን ሙሉ ተሰክቶ ቢከርም ጥቂት ዩኒት ነው። ከቴሌቪዥኑ ሥር የተቀመጠው ዲኮደር ግን «ጠፋ» ብላችሁ ስትተኙ 10 ዋት እየሳበ የሚያድር አይነት ካለ፣ ቀኑንም እንዲሁ ከዋለ በዓመት ወደ 88 ዩኒት ይሄዳል። ሲነካ ለብ የሚል እቃ ሁሉ እየበላ ነው፤ ማታ እጃችሁን ጫን አድርጋችሁ ፈትሹ። ቴሌቪዥኑን፣ ዲኮደሩንና ስፒከሩን ማጥፊያ ባለው አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰክታችሁ ማታ አንዴ ቀጭ ማድረግ ይበቃል።

ፍሪጁን ማታ ማጥፋት

ይሄን ብዙ ቤት አይቻለሁ። ማታ ይነቀላል፣ ጠዋት ይሰካል። ጠዋት ሲሰካ የሞቀውን ሁሉ መልሶ ለማቀዝቀዝ ሞተሩ ሳያቋርጥ ይሠራል፣ ስለዚህ የሚተርፈው ትንሽ ነው፣ ምግቡ ግን ይበላሻል። ከዚህ ይልቅ የበሩን ጎማ ፈትሹ። አንድ ወረቀት በሩ መሃል አድርጋችሁ ዝጉትና ሳቡት። ሳይታገላችሁ ከወጣ ጎማው ላልቷል፣ ቅዝቃዜው በዚያ እየወጣ ነው። ከግድግዳ ራቅ አድርጉት፣ ከምድጃም አርቁት። ትኩስ ድስት አታስገቡበት። ውስጡ 4 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ በቂ ነው። አብዛኞቹ ፍሪጆች ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ቅዝቃዜው እንደሚጨምርም ልብ በሉ፣ «5 ላይ አድርጌው ለምን ይበላል» የሚል ሰው አጋጥሞኛል።

«መብራት ቆጣቢ» የሚባለውን ሶኬት መግዛት

አትግዙ። ሶኬት ላይ ትሰኩታላችሁ፣ አረንጓዴ መብራት ያበራል፣ ሂሳባችሁን በግማሽ ይቀንሳል ይባላል። ውስጡ ቢከፈት ብዙውን ጊዜ አንድ ካፓሲተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያጠራቅም ትንሽ እቃ፣ ነው ያለው። ካፓሲተር ትልልቅ ሞተር ያላቸውን ፋብሪካዎች ሊጠቅም ይችላል፤ የመኖሪያ ቤት ቆጣሪ ግን የሚያስከፍለው በትክክል ለተጠቀማችሁት ኃይል ስለሆነ የሚቀንስላችሁ ነገር የለም። ሂሳብ የከበደበትን ሰው ጭንቀት ለገንዘብ ማግኛ ማድረግ በጣም ያናድደኛል። «ከተለመደው በግማሽ ኃይል ክፍሉን እኩል ያሞቃል» የሚባል የኤሌክትሪክ ማሞቂያም እንደዚያው። በሽቦ የሚያሞቅ ሁሉ ለአንድ ኪሎዋት አንድ ኪሎዋት ሙቀት ነው የሚሰጠው፣ ቅርጹ ቢያምርም ባያምርም። ከዚህ የሚለየው ሙቀትን ከውጭ አየር ስቦ የሚያስገባው ብቻ ነው፣ እሱ ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ሦስት እጥፍ ያህል ሙቀት ሊሰጥ ይችላል።

ታሪፉ በእርከን መሆኑን አለማወቅ

በብዙ ቦታ የመጀመሪያዎቹ ዩኒቶች ርካሽ ናቸው፣ እየጨመራችሁ ስትሄዱ ዋጋው ይጨምራል። ከዚህ ሁለት ነገር ይመጣል። አንደኛ፣ ስትቆጥቡ የሚቀነስላችሁ ከላይ ካለው፣ ከውዱ እርከን ነው። ስለዚህ ትንሽ የሚመስል ቁጠባ ከአማካዩ ዋጋ በላይ ይከፍላችኋል። ሁለተኛ፣ ሁለት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ፍጆታው ይደመርና ሁለቱም ወደ ውዱ እርከን ይወጣሉ፣ ለየብቻ ቢሆኑ ሁለቱም ታች ይቀሩ ነበር። ተከራይና አከራይ የሚጣሉት አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው፣ ሁለቱም ሌላኛው የበላ ይመስላቸዋል። የራስ ቆጣሪ ማስገባት ከተቻለ ይሻላል። ካልተቻለ ቢያንስ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ቆጣሪ ይኑር፣ ክፍፍሉ በዩኒት ይሁን እንጂ በሰው ቁጥር ወይም በክፍል ብዛት አይሁን።

ሂሳቡን ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት

የከበደውን ወረቀት መሳቢያ ውስጥ መክተት። በጣም ይገባኛል፣ ማየቱ ራሱ ያስጨንቃል። ግን ወር በወር ላይ ሲደረብ፣ ቅጣት ሲጨመርበት፣ ኋላም ሲቆረጥ ማስቀጠያ ሲከፈልበት ከመጀመሪያው ይከፋል። ሳይቆረጥ በፊት ሄዳችሁ ወይም ደውላችሁ በየወሩ ከፋፍሎ መክፈል ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ሂሳቡ ተሳስቷል ብላችሁ ካሰባችሁ ደግሞ ቅሬታችሁን በጽሑፍ አስገቡ፣ የቆጣሪውን ፎቶ አያይዙ፣ ያስገባችሁበትን ቁጥር ወይም ፊርማ ያለበትን ቅጂ ያዙ። በቃል የተነገረ ቅሬታ በሚቀጥለው ወር ማንም አያስታውሰውም።

ጭንቀቱ ሲበዛ ደግሞ ቆጣሪውን ዘሎ መስመር የሚስብ «ባለሙያ» ይመጣል። ይሄንን እሺ አትበሉት። ቅጣቱና ክሱ ይቅርና፣ በዚያ መንገድ የተቀጠለ ገመድ ማሞቁን የሚቆጣጠር ምንም ነገር የለም፣ ከሱ ሥር የሚተኙት ልጆቻችሁ ናቸው።