እንግሊዝ ገብታችሁ ኮንትራት ከመፈረማችሁ በፊት

አንድ ኮንትራት ጨርሼ ሌላው እስኪጀምር ባሕር ዳር መጥቻለሁ። ትናንት ጣና ዳር አሳ እየበላን፣ ከፖሊ (ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ካምፓስ) የወጡ ሁለት ስትራክቸራል ኢንጂነሮች «ጋሼ፣ እንግሊዝ በቀን 400 ፓውንድ ይከፈላል የሚሉት እውነት ነው?» አሉኝ። ይከፈላል። ግን ያንን ቁጥር አይታችሁ እንዳትቸኩሉ።

መጀመሪያ ቪዛችሁን እዩ። በቀጣሪ ስፖንሰርነት የገባ ሰው የሚሠራው ለዚያ ቀጣሪ ነው፤ ከፕሮጀክት ፕሮጀክት እየተዘዋወረ ኮንትራት ልያዝ ቢል አይፈቀድለትም። በተማሪ ቪዛም በግል መሥራት ክልክል ነው።

ከተፈቀደላችሁ ወደ 400ው እንመለስ። ክፍያው በአምብሬላ ካምፓኒ (ኮንትራክተሩን ቀጥሮ ደሞዙን በሚከፍል መካከለኛ ድርጅት) በኩል ከሆነ የቀጣሪው ናሽናል ኢንሹራንስም (የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ) ከእሱው ላይ ይነሳል (ከሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 15 በመቶ ነው)፣ የእረፍት ክፍያችሁም ከዚያው ነው፣ የራሳችሁ ግብር ደግሞ ገና አልተቆረጠም። በራሳችሁ ካምፓኒ ብትሠሩ አይአር 35 የሚባለው ሕግ አለ። አሠራራችሁ እንደ ተቀጣሪ ከሆነ ግብራችሁም እንደ ተቀጣሪ ይሆናል፤ ደንበኛው መካከለኛ ወይም ትልቅ ድርጅት ከሆነ ይህን የሚወስነው እሱ ነው። ስለዚህ ኤጀንት ሲደውል ቀድማችሁ «ኢንሳይድ ነው አውትሳይድ?» (በአይአር 35 ሥር ነው ወይስ ከሱ ውጪ?) በሉ።

ኮንክሪቱም እንደዚያው ነው፤ ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ አትቸኩሉ። አዲሱ የኢትዮጵያ ኮድ ከዩሮኮድ (ከአውሮፓ የግንባታ ኮድ) የመጣ ስለሆነ ቀመሩ አያስቸግራችሁም። እኔ የተማርኩበት የ1995ቱ (እ.ኤ.አ.) ኢቢሲኤስ፣ የቀድሞው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ፣ ግን «ሲ-25» ሲል በኩብ ናሙና የተለካ የኮንክሪት ጥንካሬ ነው፣ በሲሊንደር ናሙና ሲለካ 20 ብቻ። እዚያ «ሲ 25/30» ሲባል 25ቱ የሲሊንደር፣ 30ው የኩብ ነው። በመጀመሪያ ኮንትራቴ እጄ ስለለመደ 25ቱን በ0.8 አባዝቼ ኢታብስ (የሕንፃ ስሌት ሶፍትዌር) ላይ 20 አስገባሁ። ኮለኖቹ ያለ ምክንያት ወፈሩ። ስሌቱን ቼክ የሚያደርጉት ሴትዮ በማግስቱ ያቺን 20 በቀይ ከብበው መለሱልኝ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሥራ ስጀምር ቁጥር ከማስገባቴ በፊት ናሽናል አኔክሱን (የአገሩን የራሱን ቁጥሮች የያዘውን የዩሮኮድ አባሪ) አነባለሁ። የስኖው ጭነትም አለ፣ ጣና ዳር ያደገ ሰው የማያውቀው።

የምታውቁትን ግን አታሳንሱት። ጥቁር አፈር ላይ ፋውንዴሽን የሠራ ሰው የለንደን ሸክላ አይደንቀውም፤ እሱም ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲቪያችሁ ላይ ይውጣ። አንደኛው ልጅ በግንቦት 2016 ዓ.ም. በተመረቀው በ380 ሜትሩ የአባይ ድልድይ ሥራ ላይ ነበር፤ ሲቪው ላይ ግን «ድልድይ ላይ ሠርቻለሁ» ብቻ ብሏል። የትኛውን ክፍል? ምን አሰላህ፣ ምን ቼክ አደረግህ? ኮንትራክተር የሚፈለገው ከመጀመሪያው ቀን አንድ ክፍል ተረክቦ እንዲሠራ ነው፣ የሚያሠለጥነው የለም።

አንድ ነገር ደግሞ፦ በአንድ ሳምንት ቅድመ ማስጠንቀቂያ ኮንትራት ሊቋረጥ ይችላል። የሦስት ወር ኪራይ ባንክ ሳታስቀምጡ ቋሚ ሥራ አትልቀቁ።