የጆሮ መድፈኛው አልሠራ ሲል

አዳማ ውስጥ ብረታ ብረት ቤት ነው የምሠራው። አዲስ ገቢዎችን የማለማምደው እኔ ነኝ። ስሞታቸው ሁሌ አንድ ነው፦ «መድፈኛውን አድርጌዋለሁ፤ ግራይንደሩ ግን ጆሮዬን ይበሳኛል።»

ቀና ብዬ ሳይ የስፖንጅ መድፈኛው እንደ ጉትቻ ተንጠልጥሏል። ፊት ለፊት ቆሜ ጫፉ ከታየኝ አልገባም ማለት ነው።

ምክንያቱ፦ ሳይጠቀለል በጣት ተገፍቷል። የጆሮ ቀዳዳ ቀጥ ያለ ቱቦ አይደለም፣ ይታጠፋል። ያልቀጠነ ስፖንጅ መታጠፊያው ላይ ይቆምና ድምፁ በጎኑ ሾልኮ ይገባል።

መፍትሄው፦ መጀመሪያ እጅህን ታጠብ። ግሪስ በነካ ጣት ጆሮ አይነካም! ስፖንጁን በሁለት ጣት እያሽከረከርክ እንደ ጧፍ አቅጥነው። መጭመቅ አላልኩም፤ ከተጨማደደ በተጨማደደበት በኩል ድምፅ ያስገባል። ለቀኝ ጆሮ ግራ እጅህን በራስህ ላይ አሻግርና ጆሮህን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ። ቀዳዳው የሚቃናው ያኔ ነው። ቶሎ አስገባ። ከዚያ በጣትህ ደግፈህ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ያዘው። ሁሉም የሚያበላሸው እዚች ጋ ነው፤ እስከ ሦስት ቆጥሮ ይለቃል፣ ስፖንጁም እየተነፋ ተመልሶ ይወጣል።

አንዱ ልጅ ሳምንት ሙሉ «ይሄ ዕቃ ፎርጅድ ነው» ሲል ከረመ። ጆሮውን ስቤ እንዲያስገባ ሳደርገው የራሱን ድምፅ ሰምቶ ደነገጠ፤ በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚያወራ መሰለው። በደንብ መግባቱን የምታውቀው በዚህ ነው። ካላመንክ ማሽኑ እየሠራ ጆሮህን በመዳፍህ ሸፈን ገለጥ አድርግ። ድምፁ በጣም ከተለዋወጠ አውጥተህ እንደገና ጀምር።

ፓኬቱ ላይ 33 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ይቀንሳል ተብሎ ስለተጻፈ አትኩራራ። ያ ቁጥር ላቦራቶሪ ውስጥ በትክክል ለገባ መድፈኛ ነው።

ሥራ መሀል ከላላ፦ ማስቲካህን ትፋ። መንጋጋ ሲንቀሳቀስ ስፖንጁን ይገፋዋል።

ካመመህ፦ መጠኑ አነስ ያለ መድፈኛ ፈልግ። ጆሮህ ፈሳሽ ካለው ጭራሽ አታድርግ፣ ሐኪም ጋ ሂድ።

ከደረቀ ወይም ከቆሸሸ፦ ጣለው። በኦሞ አጥቦ ገመድ ላይ ያሰጣ ሰው አይቻለሁ። ስፖንጅ አይታጠብም! ጥጥና ሶፍትም መድፈኛ አይደሉም።

ስልክ ሲጠራ እዚያው ማሽኑ አጠገብ አንዱን ነቅሎ «ሄሎ» የሚል አለ። 100 ዴሲቤል ላይ ለባዶ ጆሮ በቀን የሚመከረው ቢበዛ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ውጭ ወጥተህ አውራ። ስትነቅለውም እያሽከረከርክ፣ ቀስ ብለህ፤ ድንገት ከተመነጨቀ የጆሮ ታምቡር ይጎዳል።