ማስካራ ስናወዳድር የምንሠራቸው ስህተቶች

አንድ ማስካራ ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው ጠዋት መስታወት ፊት ሳይሆን ማታ ፊት ሲታጠቡ ነው። ይህን የምለው ሙሽሮችን የማስዋብ ሥራ ላይ ስለምውል ነው። ገና ሳይነጋ የተቀባ ሽፋሽፍት ጉልበት መሳሙን፣ የእናትን እንባ፣ የፎቶውን ፀሐይና የእስክስታውን ላብ ሁሉ ማለፍ አለበት። ብዙ ሴቶች ግን ሁለት ሦስት ማስካራ ገዝተው «ይኼኛው ይሻላል» የሚሉት በተቀቡ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ነው። በዚያ ፍርድ ተመርተው ገንዘባቸውን ያወጣሉ፣ ለጓደኞቻቸውም ይመክራሉ። ፍርዱን የሚያዛቡት ስህተቶች ብዙ አይደሉም፤ ግን ደጋግመው ይመጣሉ።

በማስታወቂያ ፎቶ መፍረድ

እ.ኤ.አ. በ2007 የብሪታንያ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ አካል ተዋናይቷ ፔኔሎፔ ክሩዝ የታየችበትን የሎሬያል ማስካራ ማስታወቂያ ነቀፈ። ተዋናይቷ ከራሷ ሽፋሽፍት በተጨማሪ ሰው ሠራሽ ሽፋሽፍት ተደርጎላት ሳለ፣ ማስታወቂያው ይህን ለተመልካቹ አልገለጸም ነበር። በ2012 ደግሞ ናታሊ ፖርትማን የታየችበት የዲዮር ማስካራ ማስታወቂያ፣ ሽፋሽፍቷ በኮምፒውተር ስለተነካካ በዚያ መልኩ ዳግም እንዳይወጣ ታገደ።

ፎቶው ምንም ያልተነካካ ቢሆን እንኳ ሽፋሽፍቱ የማን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ወርቃማ ፀጉር ያላት ሴት የሽፋሽፍቷ ጫፍ በጣም ነጣ ያለ ስለሆነ ከሩቅ አይታይም። ጥቁር ማስካራ ሲነካው ከየት መጣ በሚያሰኝ መልኩ ርዝመቱ ብቅ ይላል። የእኛ ሽፋሽፍት ግን እስከ ጫፉ ጥቁር ነው። ያንኑ ማስካራ ስንቀባው ለውጡ አነስ ቢልብን ጥፋቱ የማስካራው አይደለም፤ ተደብቆ የነበረ ርዝመት ስለሌለን ነው።

ቅርጹም ይለያያል። የብዙ ምሥራቅ እስያ ሴቶች ሽፋሽፍት ቀጥ ያለ በመሆኑ፣ ማስካራ ሲመርጡ ቀድመው የሚጠይቁት ወደ ላይ የታጠፈውን ይዞ መዋሉን ነው። የብዙዎቻችን ሽፋሽፍት ደግሞ በተፈጥሮው ይጠቀለላል። ስለዚህ የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ፀጉሮቹን አንድ በአንድ ይለያያል ወይስ ያጣብቃል? ጫፉ ወደ ኋላ ታጥፎ የላይኛውን የዓይን ቆብ ያጠቁራል? ሰዎች ስለ አንድ ማስካራ የሚሰጡትን ምስክርነት ሲያነቡ የእርስዎን ዓይነት ሽፋሽፍት ያላትን ሴት ፈልገው እርሷን ይስሟት።

አንዱን ሰኞ፣ ሌላውን ሐሙስ መቀባት

ሰኞ በደንብ ተኝተው ተነሥተዋል፤ ሐሙስ ጉንፋን ይዞዎት ዓይንዎ ሲያነባ ውሏል። ሰኞ ደመና ነበር፤ ሐሙስ ፀሐዩ በርትቷል። እንዲህ ሲሆን የተወዳደሩት ቀኖቹ እንጂ ማስካራዎቹ አይደሉም።

የሚያዋጣው መንገድ በዚያው ጠዋት አንዱን በቀኝ ዓይን፣ ሌላውን በግራ መቀባት ነው። ሽፋሽፍትን ወደ ላይ የሚያጥፈውን መቆንጠጫ የሚጠቀሙ ከሆነ ለሁለቱም ይጠቀሙ፣ ወይም ለሁለቱም ይተዉት። የሚደራርቡትም በእኩል መጠን ይሁን፤ አንዱን ሁለት ጊዜ ሌላውን ሦስት ጊዜ ከቀቡ ብዙ የተቀባው ወፍራም መስሎ ያሸንፋል። ከዚያ በመታጠቢያ ቤቱ አምፑል ሳይሆን መስኮት አጠገብ ቆመው ይመልከቱ። ፊት ለፊት ብቻ ማየትም አይበቃም። ራስን ትንሽ ዞር አድርጎ ከጎን ፎቶ ማንሳት ርዝመቱንና ቀለሙ የተቋጠረባቸውን ቦታዎች ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

በማግስቱ ቦታ ያቀያይሯቸው። ይህን ብዙ ሰው ይዘልለዋል። የአንድ ሰው ሁለት ዓይኖች እኩል አይደሉም፤ የአንዱ ቆብ ዝቅ ብሎ፣ የሌላው ሽፋሽፍት ሳሳ ብሎ ይገኛል። እጅም ያደላል። በቀኝ እጅ የምትቀባ ሴት ግራ ዓይኗ ጋ ስትደርስ ክንዷ አፍንጫዋን ተሻግሮ ስለሚሄድ የውስጠኛውን ጥግ በደንብ አታገኘውም። ቦታ ተቀያይረውም ያው ማስካራ ካሸነፈ እርሱን ማመን ይቻላል።

የማታውን ምርመራ መተው

ማታ ከመታጠብዎ በፊት ንጹሕ ጥጥ ወይም ሶፍት ወስደው ከታችኛው ሽፋሽፍት ሥር ቀስ አድርገው ይጫኑና ያንሡት። ጥጡ ላይ ሁለት ዓይነት ነገር ሊያገኙ ይችላሉ። አንደኛው ጣት ሲነካው የሚሰራጭ ግራጫ ልቅላቂ ነው። ሁለተኛው እንደ ደቀቀ ጥላሸት ያለ ደረቅ ብናኝ ነው። ሁለቱን «ማስካራው ወረደብኝ» በሚል አንድ ቃል ስለምንጠራቸው ተመሳሳይ ይመስሉናል፤ መንሥኤያቸው ግን ለየቅል ነው።

ልቅላቂው የሚመጣው ከቅባት ነው። የተለመደው ማስካራ ውሃ፣ እንደ ንብ ሰም ያሉ ሰሞችና ጥቁር የብረት ኦክሳይድ ቀለም ያለበት ድብልቅ ነው። ሰም ቅባት ሲነካው ይለሰልሳል። ከዓይን ሥር የተቀባ ቫዝሊን፣ የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ የቆዳው የራሱ ወዝ፣ ፀጉር ላይ የዋለ ቅቤ በሙቀት ቀልጦ በግንባር ሲወርድ፣ ሁሉም አንድ ሥራ ነው የሚሠሩት። በዚህ ጊዜ ማስካራውን ከመጣልዎ በፊት ከዓይን ሥር ያለውን ክሬም አንድ ቀን ትተው ይሞክሩት። ያኔም ከለቀለቀ ድክመቱ የራሱ ነው።

ብናኙ ግን ደርቆ የተሰነጣጠቀ ቀለም ነው። አብዛኛውን ጊዜ ማስካራው ሰንብቶ መድረቁን፣ ወይም የመጀመሪያው ሳይደርቅ ደጋግሞ መደራረብን፣ ወይም ዓይንን ማሸትን ያመለክታል። ዓይን ውስጥ የሚደረገውን ኮንታክት ሌንስ ለሚያደርጉ ሴቶች ከልቅላቂው ይልቅ የሚያስፈራው ይህ ነው፤ ብናኙ ሌንሱ ሥር ገብቶ ዓይንን ይቆረቁራል። እነርሱ ውበቱን ከማየታቸው በፊት ብናኙን ቢያዩ እመክራለሁ።

የተለያየ ወገን ያላቸውን በአንድ ሚዛን መመዘን

ገበያ ላይ ያሉት ማስካራዎች በጥቅሉ ሦስት ወገን ናቸው። የመጀመሪያው በውሃና በሳሙና የሚለቀው የተለመደው ነው። ሁለተኛው ዋተርፕሩፍ የሚባለው ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ውሃ የለበትም ወይም ጥቂት ብቻ አለበት። በፍጥነት የሚተን ፈሳሽ ሰሙን ይዞ ይመጣና እርሱ ሲተን ሰሙ ሽፋሽፍቱ ላይ ይቀራል። እንባና ላብ አይበግሩትም፤ ለማስለቀቅ ግን ዘይትነት ያለው ማጽጃ ይፈልጋል። ሦስተኛው እያንዳንዱን ፀጉር ዙሪያውን እንደ ቀጭን እጅጌ የሚያለብሰው ነው። ቅባት ብዙም አያለሰልሰውም፤ ማታ ለብ ባለ ውሃ ረጠብ አድርገው ሳብ ሲያደርጉት በትናንሽ ጥቅልሎች ይወልቃል።

የተለመደውን ማስካራ ከዋተርፕሩፍ ጋር አወዳድሮ «ያኛው እንባ አልቻለም» ማለት ፍትሕ አይደለም፤ መጀመሪያውኑ ለእንባ አልተሠራም። ዋተርፕሩፉ ደግሞ ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለጅዳና ለዱባይ ወበቅ ዋጋ ቢኖረውም፣ በየማታው እየታሸ ሲለቅ ፀጉሩን አብሮ ይነቅላል። ስለዚህ በዚህ ወገን ሲያወዳድሩ በቀላሉ መልቀቁም ነጥብ ይሰጠው። ቅባታም ቆዳ ላላቸው ሴቶች ሦስተኛውን ወገን ሳይሞክሩ ፍለጋውን እንዳያቆሙ አጥብቄ እነግራቸዋለሁ፤ ከዓይናቸው ሥር መጥቆሩን እንደ ዕጣ ፈንታ የተቀበሉ ብዙ ናቸው።

ሽፋሽፍትን ለሳምንታት የሚያጠቁረው ማቅለሚያ ከእነዚህ ጋር በአንድ ተርታ አይቆጠርም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላሽ ሉር የተባለ የሽፋሽፍት ማቅለሚያ ሴቶችን አሳውሮ ነበር። እዚያ ላይ ጉዳት ያደረሰው ኬሚካል በዛሬ የፀጉር ቀለሞችም ውስጥ አለ። የፀጉር ቀለም ወደ ዓይን አይቅረብ።

የብሩሹን ሥራ ለቀለሙ መስጠት

«ያወፍራል» የተባለው ማስካራ ብሩሹ ብዙ ጊዜ ወፍራምና ጥቅጥቅ ያለ ሆኖ፣ ብዙ ቀለም ይጭናል። «ያስረዝማል» የተባለው ደግሞ ቀጭን፣ ጥርሶቹ አጫጭር የሆኑ የፕላስቲክ ብሩሽ ይዞ ይመጣል። አጭርና ጥቅል ሽፋሽፍት ያላት ሴት ወፍራሙን ብሩሽ ስትጠቀም ሥሩ ጋ ከመድረሷ በፊት የዓይኗን ቆብ ትነካለች። ከዚያ ቀለሙን ትወቅሳለች። አንድ ማስካራ ቀለሙ ደስ ብሎዎት አቀባቡ ካስቸገረዎት፣ ያለቀ ማስካራ ብሩሽ በሳሙና ታጥቦ በደንብ ከደረቀ በኋላ በእርሱ ይሞክሩት። የራስዎ ብሩሽ ይሁን እንጂ የሌላ ሰው አይሁን።

አዲስ የተከፈተውን ከሰነበተው ጋር ማጋጠም

ማስካራ በተከፈተበት ቀን ቀጭንና ውሃማ ይሆናል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ትንሽ ሲጠነክር ነው መልኩን የሚይዘው። ወራት ሲቆይ ይደርቃል። ስለዚህ ትናንት የተከፈተውን ካለፈው ክረምት ጀምሮ ከያዙት ጋር ማጋጠም ዕድሜን ማወዳደር ነው። ከመያዣው ላይ ክዳኑ የተከፈተ የትንሽ ዕቃ ሥዕል ይፈልጉ። ውስጡ ያለው ቁጥር ከተከፈተ በኋላ ስንት ወር እንደሚያገለግል ይናገራል። ለዓይን ሲሆን ግን በ3 ወር መለወጥ የተለመደ ምክር ነው።

ብሩሹን ወደ ላይና ወደ ታች እየመቱ መቅዳትም አየር ያስገባና ያደርቀዋል፤ ውስጥ ለውስጥ ዞር አድርጎ ማውጣት ይበቃል። ደረቀ ብሎ ውሃ መጨመር፣ ከዚያም የባሰው ምራቅ ማስነካት፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በግልጽ አታድርጉ የሚለው ነገር ነው።

ውዱን አስቀድሞ ማንገሥ

የመዋቢያ ዕቃ አምራቹ ሎሬያል፣ ላንኮም የተባለውን ሌላ አምራች እ.ኤ.አ. በ1964፣ ሜይቤሊን የተባለውን ደግሞ በ1996 የራሱ አድርጓል። ላንኮም በውድ ሱቅ፣ ሜይቤሊን በማንኛውም መደብር ይሸጣል፤ ባለቤታቸው ግን አንድ ነው። ቀለማቸው አንድ ዓይነት ነው ማለት አይደለም። ዋጋው የሚነግርዎት ነገር ግን ከሚያስቡት በታች ነው። ሮዝና አረንጓዴ መያዣ ያለው የሜይቤሊን ግሬት ላሽ ከ1971 ጀምሮ በርካሽ ዋጋ ሲሸጥ ኖሯል። ውዱንና ርካሹን ሲያወዳድሩ የሚቀባዎት ሰው ቢገኝና የትኛው ምን እንደሆነ ባያውቁ ፍርድዎ የጠራ ይሆናል።

እዚህ ላይ አስመስለው የተሠሩትን ማንሣት ግድ ነው። ማሸጊያው ላይ ያለው የፊደል ግድፈት፣ በመያዣውና በካርቶኑ ላይ የማይመሳሰል የምርት መለያ ቁጥር፣ ኃይለኛ የነዳጅ ሽታ፣ እነዚህ ካሉ የሚወዳደር ነገር የለም። ዕቃው ከነስሙ ሐሰት ነው።

በአንድ ብሩሽ ብዙ ዓይን መሞከር

ማስካራ ሲወዳደር ጓደኛሞች ተሰብስበው አንዷ የሌላዋን ትሞክራለች። ሠርግ ላይ ደግሞ ሙሽራዋና ሚዜዎቿ በአንድ መያዣ ሲቀቡ አያለሁ። ብሩሹ ከዓይን ወጥቶ ወደ መያዣው በተመለሰ ቁጥር ባክቴሪያ ይዞ ይገባል፤ ውስጡ ደግሞ እርጥብና ጨለማ ነው። ሱዶሞናስ የተባለው ባክቴሪያ በብሩሽ በተጫረ የዓይን ብሌን ላይ ካረፈ በፍጥነት እይታን ሊጎዳ ይችላል። ሱቅ ውስጥ ለሙከራ የተከፈተውም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ቀለሙን ማየት ከፈለጉ እጅዎ ጀርባ ላይ ይሞክሩት።

የጓደኛዎን ማስካራ መሞከርዎ ካልቀረ፣ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሏቸው ብሩሾች በየመዋቢያ ዕቃ መሸጫው በርካሽ ይገኛሉ። አንዱን አንድ ጊዜ ነክረው ይቀቡ፤ መድገም ካስፈለገ ሌላ አዲስ ያንሡ እንጂ የተቀቡበትን አይመልሱት። በሙከራው መካከል ዓይንዎ ከቀላ፣ ካሳከከ ወይም ካበጠ ማስካራውን አቁመው ሐኪም ያማክሩ። ዓይንዎ ሲድንም ያንን መያዣ አይክፈቱት፤ ግማሽ ያህል ቢቀረውም ይጣል።