የውሻን የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር እንዴት መለየት ይቻላል

የጭን አጥንት ክብ ራስ በዳሌ ጎድጓዳ ውስጥ ገጥሞ ይሽከረከራል። ጎድጓዳው ጥልቀት ሲያጥረው ወይም መገጣጠሚያው ሲላላ የአጥንቱ ራስ እየተንሸራተተ ለስላሳውን ልባስ ይፍቀዋል፤ ውሎ አድሮም ብግነት ይከተላል። ችግሩ በዘር የሚወረስ ሲሆን እንደ ጀርመን ሼፐርድ፣ ላብራዶርና ሮትዋይለር ባሉ ትልልቅ ዝርያዎች ላይ ይበዛል።

ምርመራው ከቤት ይጀምራል። ብዙ ውሾች ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ ስለሚነቃቁ ማነከሳቸው ሊሰወር ይችላል፤ ስለዚህ ውሻዎ ጠዋት ከተኛበት ሲነሳ በስልክዎ ይቅረጹት። በፊት እግሮቹ ተመርኩዞ የኋላውን እየጎተተ የሚነሳ፣ ጥቂት ከተራመደ በኋላ ግን የሚፍታታ ከሆነ ልብ ይበሉ። ቀጥሎ ሲሮጥ ከኋላው ሆነው ይመልከቱ፤ ሁለቱን የኋላ እግሮቹን አንድ ላይ አጣምሮ እንደ ጥንቸል መዝለሉና ዳሌውን ማወዛወዙ ትልቅ ምልክት ነው። በመጨረሻም በቆመበት ሁለቱን ጭኖች ዳስሰው ያነጻጽሩ፣ የሚያመው ወገን ጡንቻ ይሟሽሻልና። ጩኸት አይጠብቁ፤ የእኔ ሼፐርድ አንድም ቀን ሳያላዝን ሕመሙን ያሳወቀኝ እንደ ወትሮው መኪና ላይ መዝለሉን በመተዉ ነበር።

የእንስሳት ሐኪሙ መገጣጠሚያውን እያጠፈና እየዘረጋ ሕመሙ የት እንዳለ ይፈልጋል። የጉልበት ጅማት መበጠስና የታችኛው አከርካሪ ሕመም ተመሳሳይ አነካከስ ስለሚያመጡ እነሱንም መመርመሩን ይጠይቁ። ከዚያ ውሻው በማደንዘዣ ሲፍታታ የኦርቶላኒ ፍተሻ ይደረጋል፦ ሐኪሙ ጭኑን ወደ ዳሌው ገፍቶ ቀስ እያለ ወደ ጎን ሲከፍተው፣ ከቦታው ወጥቶ የነበረው የአጥንት ራስ ተመልሶ ሲገባ እጁ ላይ ይሰማዋል። ይህን በቤትዎ ፈጽሞ አይሞክሩት።

ማረጋገጫው ራጅ ነው። ውሻው በጀርባው ተኝቶ እግሮቹ ትይዩ ይዘረጋሉ፣ ጉልበቶቹም ወደ ውስጥ ይዞራሉ፤ ዳሌው ትንሽ ካዘነበለ ምስሉ ያሳስታል። በአሜሪካ ለማራቢያ የሚፈለጉ ውሾች በዚህ አቀማመጥ በተነሳ ራጅ የዳሌያቸው ጤንነት ደረጃ በቋሚነት የሚወሰነው 24 ወር ሲሞላቸው ነው፤ የመገጣጠሚያውን ልልነት የሚለካው የፔንሂፕ ራጅ ግን ከ16 ሳምንት ጀምሮ ሊነሳ ይችላል። ራጁ የከፋ ሆኖ ውሻው ደህና የሚሮጥበት፣ ራጁ ቀላል ሆኖ ውሻው የሚሰቃይበት ጊዜ ስላለ፣ ሐኪሙ ምስሉን ከቀረጹት ቪዲዮ ጋር አያይዞ እንዲያየው ያድርጉ።

እስከ ቀጠሮው ድረስ ኢቡፕሮፌንም ሆነ ፓራሲታሞል አይስጡት። ኢቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራና ኩላሊት፣ ፓራሲታሞል ደግሞ ጉበቱን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል።