የቆየ ሞዴል የባቡር መስመርን በአዲስ እንዴት መተካት ይቻላል?

ለዓመታት የለፉበትን ሞዴል የባቡር መስመር፣ ማለትም በጠረጴዛ ላይ ከነዛፉና ከነሕንፃው በትንሹ የተሠራ የባቡር መስመር ማፍረስ፣ ከውጭ ለሚያይ ሰው ጥቂት እንጨትና ፕላስቲክ መንቀል ነው። እያንዳንዱን ዛፍ በእጁ የተከለ ሰው ግን በቀላሉ አይጨክንም፤ ባይጨክንም ልክ ነው። አሮጌው መስመር ለአዲሱ ከማንኛውም ንድፍ የተሻለ መምህር ስለሆነ፣ ሳይጠየቅ መፍረስ የለበትም።

1. አሮጌውን ይጠይቁት

ብሎን ከመፍታትዎ በፊት ባቡሮቹን ጥቂት ሳምንታት ያስኬዱና ደብተር አጠገብዎ ያስቀምጡ። ፉርጎዎች ከሐዲድ የሚወጡት የት ነው? እጅዎ ሳይነካው የቆየው መቀያየሪያ (ባቡሩን ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚያዞረው ክፍል) የትኛው ነው? ቆመው ማየት የሚወዱትስ ከየትኛው በኩል ነው? ብዙዎች ይህን ሲመዘግቡ ደስታቸው ከጠቅላላው መስመር በአንድ ጥግ፣ ምናልባትም በትንሽ የጭነት ጣቢያ ዙሪያ መሰብሰቡን ይረዳሉ። እንግዲያው አዲሱ መስመር ያንን ጥግ ማስፋት አለበት። ክንድዎ የማይደርስባቸውን ቦታዎችም ምልክት ያድርጉ፤ ከ75 ሳንቲ ሜትር በላይ ጠልቆ የሚገኝ ሐዲድ ሲቆሽሽ ማጽዳት፣ ባቡር ሲወድቅም ማንሳት ያስመርራል።

ከላይ በኩል ማስመሪያ አጠገቡ አድርገው ፎቶ ያንሱ። ከዚያ ካሜራውን ወደ ሐዲዱ ከፍታ ዝቅ አድርገው ቪዲዮ ይቅረጹ። ይህን በኋላ ማድረግ አይቻልም።

2. መጠኑን ይወስኑ

ኤች ኦ የሚባለው መጠን ከእውነተኛው ባቡር 1 ለ87 ያነሰ ሲሆን የሐዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። ኤን ደግሞ 1 ለ160 ሆኖ ስፋቱ 9 ሚሊ ሜትር ነው። አንድን ንድፍ ከኤች ኦ ወደ ኤን ቢያወርዱት ከሲሶ ባነሰ ቦታ ይሰፍራል። ነገር ግን ያሉዎት ባቡሮችና ሕንፃዎች ሁሉ ከጥቅም ውጭ ይሆናሉ። ስለዚህ ለቦታ ብቻ ብለው መጠን ባይቀይሩ እመክራለሁ፤ ንድፉን ማሳጠር ይሻላል።

3. በተሠራበት ተቃራኒ ያፍርሱ

ኤሌክትሪኩን ያቋርጡ። ሽቦዎቹን ከመቁረጥዎ በፊት በሁለቱም ጫፍ ስም ይለጥፉባቸው። ከዚያ ዛፎችና ሕንፃዎች፣ ቀጥሎ መቀያየሪያዎች፣ በመጨረሻ ተራው ሐዲድ ይነሳል። ጠጠሩ በነጭ የእንጨት ኮላ የተጣበቀ ከሆነ፣ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና የተጨመረበት ሙቅ ውኃ ያርከፍክፉበትና እስኪለሰልስ ይጠብቁ። ከዚያ ቀጭን ስፓቱላ ከተጋዳሚዎቹ (ሐዲዱ ከተቀመጠባቸው አግድም ዘንጎች) ሥር አስገብተው በቀስታ ያላቁት። ሐዲዱን ይዞ ወደ ላይ መጎተት ያጣምመዋል። ተራሮቹ የተሠሩበትን ጄሶ እያረጠቡና የአቧራ ጭምብል አድርገው ይስበሩ። በጣም አሮጌ በሆኑ ተራሮች ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል፣ ከጠረጠሩ አይንኩት፤ ባለሙያ ይጥሩ።

የናስ ሐዲድ ቶሎ ስለሚዝግና የኤሌክትሪክ ንክኪው ስለሚበላሽ አያስቀሩት። የኒኬል ሲልቨር (ብርማ ቀለም ያለው የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ) ሐዲድ ግን ታጥቦ ዳግም ያገለግላል።

ከአሮጌው አንዱን ክፍል፣ ድልድዩን ወይም ጣቢያውን፣ ከነመሬቱ በመጋዝ ቆርጠው ያስቀሩ። አዲሱ መስመር ውስጥ ቦታ ይኖረዋል፤ ባይኖረው እንኳ ለብቻው መደርደሪያ ላይ ያምራል።

4. አዲሱን ወለል ላይ ይሳሉት

ንድፉን በሙሉ መጠኑ ወረቀት ላይ ሥለው ወለሉ ላይ ይዘርጉና ዙሪያውን ይራመዱ። በኤች ኦ 45 ሳንቲ ሜትር ሬዲየስ ያለው ኩርባ ለአጫጭር ባቡሮች ይበቃል፤ ረጃጅም የመንገደኛ ፉርጎዎች ግን 75 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያስፈልጋቸዋል። ዳገቱ በ1 ሜትር ከ2 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። አንዱ ሐዲድ በሌላው ላይ እንዲያልፍ ወደ 9 ሳንቲ ሜትር መውጣት ካለበት፣ ለዳገቱ ብቻ 4 ሜትር ተኩል ርዝመት ያስፈልጋል ማለት ነው። በወረቀት ላይ ቀላል የሚመስለው ድልድይ ብዙ ጊዜ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ጠረጴዛውን በቡሎን በሚያያዙ ክፍሎች ይሥሩት። ቤት ቢለውጡ ወይም እንደገና መተካት ቢያስፈልግ፣ በመጋዝ መቁረጥ አይኖርም።

5. ሳያስጌጡ ይፈትኑ

ሁለት ወፍራም ዋና ሽቦዎች ከጠረጴዛው ሥር ይዘርጉና በየሜትሩ ገደማ ቀጫጭን መጋቢ ሽቦዎችን ከሐዲዱ ጋር በብየዳ ያገናኙ። የሐዲድ ማያያዣዎች ኤሌክትሪክ ለማሳለፍ ብቻቸውን አይታመኑም። መቆጣጠሪያው ዲጂታል ከሆነ፣ በተለያዩ ቦታዎች ሳንቲም በሁለቱ ሐዲዶች ላይ ለአፍታ ያሳርፉ፤ መቆጣጠሪያው ወዲያው ካላቋረጠ ያ ቦታ በቂ ሽቦ የለውም።

ከዚያ ረጅሙን ባቡርዎን በየመቀያየሪያው ወደ ኋላ ይግፉት። ወደ ፊት ሲጎተት የተደበቀ ጉድለት ሲገፋ ይወጣል። ጠጠርና ኮላ የሚገባው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው፤ ኮላውም ከመቀያየሪያዎቹ ተንቀሳቃሽ ጫፎች ይራቅ።