በቡና ለቀማ ወቅት የሚቀርን ወይም የሚረብሽን ተማሪ ስለ መርዳት

በጅማ ዙሪያ ቡና በሚለቀምባቸው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት አንድ ተማሪ መቅረት ወይም ክፍል መረበሽ ሲጀምር፣ ከተግሣጽ በፊት ምክንያቱን ከራሱ ከልጁ ለብቻው በእርጋታ ይጠይቁ። ቀጥሎ ወላጁን በሚቀልላቸው ቋንቋ፣ ብዙ ጊዜም በአፋን ኦሮሞ፣ ያነጋግሩ፤ ለክስ ብቻ የሚጠራ ወላጅ ዳግመኛ መምጣት ስለሚከብደው፣ ንግግሩን ልጁ ጎበዝ ከሆነበት ነገር ይጀምሩ። ልጁ ለለቀማ የሚፈለግ ከሆነ፣ ሥራው ከአቅሙ የማያልፍና ከትምህርት ሰዓት ውጭ እንዲሆን ይስማሙ፤ ያመለጠውን ትምህርት ማን እንደሚያካክስለትም በጽሑፍ ይያዙ። ዱላ ግን ከቶ አይታሰብ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ይጠብቃል። በሁለት ሳምንት ለውጥ ካልታየ ጉዳዩን ለወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት ያቅርቡ።